ከጎተራው ጀርባ የነበሩ ቅዳሜዎች

ሰኞ፣ መስከረም አጋማሽ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የልጅ ልጄ ሶልያና ፍኖተ ሰላም ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። ዕድሜዋ አራት ዓመት ነው። አለቀሰች።

እናቷ ሥራ ስለነበረባት ያደረስኳት እኔ ነኝ። በሩ ላይ የተቀበለችን መምህርት ወጣት ናት፤ በአንድ እጇ ሁለት ሕፃናት ይዛለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ሳታይዎት ቀስ ብለው ይውጡ። እኛ እናስረሳታለን» አለችኝ። ክፋት የላትም። ከእኔ በፊት የመጡት ወላጆች ሁሉ እንደዚያው አድርገዋል፤ እንዲያውም አንድ አባት ልጁን ወደ ዥዋዥዌው አዙሮ የአጥሩን ጥግ ይዞ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።

እኔ ጎንበስ አልኩና ለሶልያና ነገርኳት። አሁን እሄዳለሁ፣ ለምሳ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ እዚህ ትቆያለሽ አልኳት። ለቅሶዋ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለኝ። መምህርቷ በትዝብት አየችኝ፤ አልፈርድባትም። ነገሩ በር ላይ ቆሞ የሚወራ አይደለም። ለማስረዳት ወጣት ወደነበርኩበት አንድ ክረምት መመለስ ያስፈልጋል።

ሕይወቴን ያሳለፍኩት በጋዜጠኝነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ግን ሥነ ልቦና ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ የልጅ አስተዳደግን የሚመለከት ትምህርት ነበረን። መምህራችን ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቶቹ መካከል የሚይዝ ሰው ነበር። ሕፃን ልጅ ዓለምን የሚማረው ከቃል በፊት ነው ይለን ነበር። ሲያለቅስ ሰው ይመጣል ወይስ አይመጣም? የሄደ ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ልጁ አፉን ሳይፈታ መልሱን ያውቀዋል፤ ካወቀውም በኋላ ባያስታውሰውም አብሮት ያድጋል። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳይቀረኝ እጽፋለሁ። ስለ እኔ የሚያወራ ነበር የሚመስለኝ።

ምክንያት ነበረኝ። ሰው ሲለየኝም ሆነ እኔ ሰው ስለይ አላለቅስም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ለእረፍት ወደ አገሬ ስሄድ ለማንም ሳልናገር ሻንጣዬን አንስቼ እወጣ ነበር። አብራኝ የምትተኛው ጓደኛዬ፣ «አንቺ እኮ እንደ መብራት ነሽ፤ ሳታስታውቂ ነው የምትጠፊው» ትለኝ ነበር። እስቃለሁ፤ ግን ነገሩ እውነት መሆኑን አውቀዋለሁ።

ታሪኬን የማውቀው እንዲህ ነበር። እናቴ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወለዱኝ። ከአባቴ ጋር ትዳሩ አልሰነበተም። እኔን ይዘው ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነኝ ደግሞ ቡሬ አንድ የበርበሬ ነጋዴ አገቡ። እኔ አያቴ ዘንድ ቀረሁ። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ ለአያት ቢተው ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አያትን ማክበር ነው። አያቴን እምየ እላታለሁ፣ አንች እያልኩ። እናቴን ግን ታላቅ እኅት እንደሚጠራ እታለም እላቸዋለሁ፣ በአንቱታ። እዚህም እንደለመድኩት ነው የምጽፈው። እኔ እንደማስታውሰው እታለም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በፋሲካ፣ ቀሚስ ይዘውልኝ የሚመጡ ዘመድ ነበሩ።

የክረምቱ እረፍት ሲቃረብ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዳችን ያሳደጉንን ሰዎች ጠይቀን የራሳችንን ሕፃንነት ጽፈን እንድንመጣ ነው። ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን መልሱን ይዤው የምሄድ መሰለኝ፤ እናቷ ትታት የሄደች ልጅ፣ ሳትሰናበት የምትሄድ ሴት ሆነች። የቀረኝ ማረጋገጥ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

ወሩ ነሐሴ ነበር፣ ጾመ ፍልሰታ። ከአዲስ አበባ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ደብረ ማርቆስን ካለፈ በኋላ ዝናቡ አልለቀቀውም፤ የመስኮቱ ጎማ ስለተላቀቀ ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ ጥላቸውን እውስጥ ዘርግተው ነበር የሄድነው። ፍኖተ ሰላም ወርጄ ላህ ወንዝን ተሻገርኩና ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። በቆሎው በሁለቱም ወገን ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል። ያ መንገድ በክረምት ሁለት ሽታ ነው ያለው፤ የረጠበ የበቆሎ ቅጠልና የከብት አዛባ። አሁን አስፋልት ተሻግሮበታል፤ ሽታው ግን ከዝናብ በኋላ ይመጣል።

እምየ ከቅዳሴ ተመልሳ ነበር። ትኩስ ድንች በአዋዜ በላን። ከዚያ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከደጃፉ ስር ምስር ትለቅም ጀመር። እኔ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ያደረግኩት የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እሱ ነው።

የመጣሁበትን ስነግራት ሳቀች። «ልጅ ማሳደግም በትምህርት ሆነ? እኛ ሳንማር ያሳደግነው ምን ሊባል ነው፣ ጥጃ?»

መቼ በእግሬ እንደሄድኩ፣ መቼ አፌን እንደፈታሁ፣ ምን ምን እንዳመመኝ ጠየቅኳት። ሁሉንም ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ቃሌ የውሻችን ስም ነበር። ሁለት ጊዜ ከምድጃ ተርፌአለሁ። ቁንጮዬ የተላጨው በጥምቀት ማግሥት ነው። እያወራች ትስቃለች፤ ምስሩ ከሰፌዱ እየዘለለ ይወድቃል፣ ዶሮዋ ትለቅመዋለች። ከዚያ እታለም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ምን እንደሆንኩ ጠየቅኳት።

«ምን ትሆኛለሽ፣ ከበሩ ላይ ተተክለሽ ቀረሽ እንጅ» አለች። እህል አልበላም እንዳልኩ፣ ሰውነቴ እንደጋለ፣ ጠበል እንደተወሰድኩ ነገረችኝ። እኔም ይህን ስጠብቅ ነበርና ቶሎ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ እታለም በዓመት ስንት ጊዜ ይመጡ እንደነበር ጠየቅኳት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «በዓመት? በየቅዳሜው ነው እንጅ» አለች።

ተሳስታ መሰለኝና ደግሜ ጠየቅኳት። አልተሳሳተችም። እታለም ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ በበርበሬ ጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ገበያ ይመጣሉ፤ ሸጠው ሲጨርሱ ወንዙን ተሻግረው እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ፊት ለፊት በበሩ ገብተው ነበር። እኔ ነጠላቸውን ይዤ አልለቅም፤ ሲሄዱ ደግሞ እስከ ማክሰኞ፣ እስከ ረቡዕ እታመማለሁ። ስለዚህ እምየና የሰፈሩ ሴቶች መከሩ። ልጅቱ እናቷን እስክትረሳ ድረስ እናቲቱ መታየት የለባትም ተባለ። ጡት ለማስጣል ሬት እንደሚቀባ፣ እናት ለማስረሳትም መደበቅ የተለመደ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ እንዳይናገሩ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲያ እታለም በጓሮ መጥተው ከጎተራው ጀርባ ይቆማሉ፣ ስጫወት ያዩኛል፣ ያመጡትን ለእምየ ሰጥተው በመጡበት ይመለሳሉ። ቅዳሜ ማታ እምየ ከገበያ አመጣሁልሽ ብላ የምትሰጠኝ ሸንኮራና ሎሚ የእሳቸው ነበር።

«እስከ መቼ?» አልኳት።

«እስክትረሽ ነዋ።»

«መርሳቴን በምን አወቃችሁ?»

እምየ ይህን ስትመልስ ፊቷ በራ፤ የደከመችበት ነገር የተሳካላት ሰው ፊት ነበር። በዓመቱ አንድ ቅዳሜ እታለምን በፊት ለፊት በር ግቢ ብለዋቸው ነበር። እኔ ደጅ አፈር እያቦካሁ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸውና ወደ ቤት ሮጬ ገባሁ። «‹እምየ፣ እንግዳ መጣ› አልሽኝ» አለች። «ያን ቀን እልል ብንል ደስ ባለን። ከዚያ ወዲያ እታለም በያት አልንሽ፣ አልሽ።»

እታለም ምን እንዳሉ ጠየቅኳት። ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መምጣታቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ በዓል ብቻ ሆነ። የእኔ ትዝታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እምየ ቀና ብላ አየችኝ። «ጥፋት ነው እንዴ?» አለች። አይደለም እምየ አልኳት። አላመነችኝም። «ከአንች በፊት የቀበርኳቸውን ልጆች ታውቂያለሽ። ሰውነትሽ እንደ እሳት ሲነድ ሌላ ምን ላድርግ? ብትሞችብኝስ?» አለች። ሰፌዱን ተቀብያት ምስሩን እኔ ለቀምኩ። መምህራችን ያስጻፈን ሁሉ ትክክል ነበር፤ ግን ከቤቱ ወለል ላይ ሆኖ ሲታይ ሌላ ነበር። ያ ቤት የፈራው የሕፃን ሞት ነው። ለዚያ የሚያውቀውን መድኃኒት አደረገ።

በማግሥቱ ቡሬ ሄድኩ። ማንኩሳ ላይ የመኪናው ጎማ ተነድሎ እስኪጠገን ከአንዲት ሴት የተጠበሰ እሸት ተቀብዬ ቆሜ በላሁ። መንገድ ሙሉ አንድ ነገር ነበር የማስበው። እማየ ብዬ ልጠራቸው ነው። አንድ ጊዜ፣ ገና ስገባ። እሳቸው ለአንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ተደብቀው ያጡትን ቃል መልሼ ልሰጣቸው።

ቡሬ ዝናብ ነበር። እታለም ከሱቁ ጀርባ ካለው መጋዘን የበርበሬ ክምር ፊት ተቀምጠው፣ አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ግንዱን እየቀነጠሱ ነበር። ከባለቤታቸው የወለዷት ሙሉ ያኔ አሥር ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከጎናቸው ሆና አፏ አያርፍም። እማየ ይኸኛው በስብሷል፣ እማየ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ እማየ እንግዳ። በየዓረፍተ ነገሩ እማየ አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። «እንዴት ነዎት እታለም?» አልኩ።

ተነስተው ጉንጬን ሳሙኝ። እጃቸው በርበሬ ስለነበር ወደ ኋላ አርቀውት ነበር።

ሙሉን ሻይ እንድታፈላ ከላኳት በኋላ እምየ የነገረችኝን ነገርኳቸው። ሥራቸውን አላቆሙም። ከዚያ፣ «ኩፍኝ ይዞሽ ያውቃል» አሉ። «ቅዳሜ ነበር። ከግድግዳው ውጭ ሆኘ ስታለቅሽ ሰማሁሽ። ልገባ ነበር። ‹እምየ፣ እምየ› ነበር የምትይው። እኔን አልጠራሽም። ያን ጊዜ እናቴ ልክ ናት አልኩ። ተመለስሁ።»

ትምህርታችን ስለዚህ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። መምህራችን ስለ ልጁ ያስተማረንን ባጭሩ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ አንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ።

«ስለ እናቲቱስ?» አሉኝ።

«እስካሁን አልደረስንበትም።»

ሳቁ። ሻሹን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ነው የሳቁት፤ ጥርሳቸው ከእኔ ጥርስ ጋር አንድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ስትደርሱበት ንገሪኝ እንግዲህ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ መኪና ተራ አብረን ሄድን፣ ሙሉ ከፊት ከፊት እየዘለለች። ስገባ ያልወጣልኝን ቃል ስወጣ ልለው ወስኛለሁ። ስንብት ላይ ይቀላል ብዬ ነው፤ ይባላል፣ ይታቀፋል፣ መኪናው ይሄዳል። ሚኒባሱ ገና አልሞላም ነበር። እታለም ቦታ ያዥ፣ ለመንገድ ቆሎ ገዝቼልሽ ልምጣ ብለው ሄዱ። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ።

ረዳቱ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም እያለ ይጣራል። አንድ በግ የያዘ ሰው ገባ፣ ሁለት ተማሪዎች ገቡ፣ ሞላ። እናቴ እስክትመጣ ትንሽ ጠብቀኝ አልኩት ረዳቱን። ለማያውቀኝ ሰው እናቴ ማለት አላቃተኝም። «የሁሉም እናት ቆሎ ልትገዛ ሄዳለች እህት፤ ብንጠብቅ እዚሁ ልናድር ነው» አለኝና በሩን ሳበው። ሰዉ ሳቀ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሙሉ እየሮጠች መጣች፤ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልላ በመስኮቱ አቀበለችኝ። እታለም የት እንዳሉ ጮኼ ጠየቅኳት። «ስጫት ብላኝ ነው፣ ትመጣለች» አለች። መኪናው ከተራው ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ አየኋቸው። ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። የሚያዩት የእኔን መስኮት ነው። እጄን አነሳሁ። ወደ መኪናው ጥላ አንድ እርምጃ ሸሹ።

በዚያ ትምህርት የተማርነው ሁሉ የሚመለከተው ልጁን ነበር። ሰው እያለቀሰ እንዳይቀር ተደብቆ መሄድን የተማረች የአሥራ ሰባት፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ሴት ግን እሷም እያደገች ነበር። እኔ ሳልሰናበት ለመሄዴ ከመጽሐፍ ማብራሪያ ፈለግኩ። የእሳቸውን ማንም አልጠየቀም።

የቤት ሥራዬን ጻፍኩ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። መልሱን ይዤ መሄዴን ካየሁ በኋላ ግን ሥነ ልቦናው ቀስ በቀስ ከእጄ ወጣ፤ ከተመረቅኩ በኋላ ዜና ክፍል ገባሁ፣ አንድን ነገር ሁለት ሰው ሳልጠይቅ ላለመጻፍ ሞከርኩ። በሥራም በበዓልም ቡሬ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቃሉን በወሬ መሀል ጣል ማድረግ ይቻል ነበር። ሞክሬ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ጊዜው ስንብት ላይ ነው እላለሁ፣ ስንብት ሲደርስ ደግሞ እታለም የሉም። ከብት ሊያዩ ወጥተዋል፣ ጎረቤት ጠርቷቸዋል፣ ከጓሮ የሚቀጥፉት ጎመን አለ። እምየ ስትሞት እንኳ፣ ከለቅሶው ቤት ስንለያይ፣ ፈልጌ አላገኘኋቸውም።

አሁን እታለም ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ቡሬ ሙሉ ዘንድ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ስለደከመ ብዙ አይወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ እደውልላቸዋለሁ። ስልክም ላይ ቢሆን ደህና ሁኚ የሚባልበት ቦታ አይደርሱም፤ ወሬው ሊያልቅ ሲል ስልኩን ለሙሉ ያቀብሏታል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ብዙ ዓመት አወራን። ደስ የሚሉ ወሬዎች ናቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ልጆቹ።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ሶልያና ነገርኳቸው። እናስረሳታለን ስላለችው መምህርትም፣ በአጥሩ ጥግ ስለሮጠው አባትም።

«አንችስ?» አሉኝ።

«ነግሬያት ነው የሄድኩት።»

«አለቀሰች?»

«በጣም አለቀሰች።»

«ስትመለሽስ?»

«ኩርፊያ ነበር። ከዚያ መጥታ እጄን ያዘች።»

ከወዲያ በኩል የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይሰማኛል። «ደግ አደረግሽ» አሉ።

እኔም ቃሉን አልኩት። «እማየ» አልኩ፣ አንድ ጊዜ፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ።

«ሄሎ? እኔ ነኝ፣ ሙሉ» አለች እኅቴ።

ስልኩን መቼ እንደሰጧት ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ልብ አላለችውም። እኔ ምን እንዳልኩም አልሰማችም። እታለም ስልኩን እጇ ላይ አድርገው በጓሮ በር ወጥተዋል።